መሪ የጨበጠውን እጅ ያዙልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጋዜጣችሁን ከሃያ ዓመት በላይ ተከታትያለሁ፤ ደብዳቤ ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ለመጻፍ ያነሣሣኝ ባለፈው እትም በአንባብያን ዓምድ ላይ የወጣው አስተያየት ነው። ጸሐፊው በከተማችን ዳርቻ የሚደርሰው የመኪና አደጋ፣ ስካሩና የወጣቱ ሁኔታ አስመርሯቸው መንግሥት ሦስት እርምጃ እንዲወስድ ጠይቀዋል፤ ይኸውም በዳርቻው ሰፈሮች ያሉ ጠላ ቤቶችና ግሮሰሪዎች ከምሽቱ 2 ሰዓት እንዲዘጉ፣ ሞተር ብስክሌትና ባጃጅ ከእነዚሁ ሰፈሮች ጨርሰው እንዲወጡ፣ ማኅበራዊ ሚዲያም “ሕዝቡ ልብ እስኪገዛ ድረስ” እንዲዘጋ ነው። ምሬታቸው ይገባኛል። እኔም የምኖረው ቱሉ ዲምቱ፣ ወደ አዳማ የሚወስደው የክፍያ መንገድ ከሚጀምርበት አደባባይ የሃያ ደቂቃ የእግር መንገድ ላይ ነው፤ ሌሊት የፍሬን ጩኸት ሲቀሰቅሰኝ ተከትሎት የሚመጣ ነገር መኖር አለመኖሩን እስካረጋግጥ ትንፋሼን ይዤ የምጠብቅ ሰው ነኝ። ልዩነታችን መድኃኒቱ ላይ ነው። እንዲህ የምለውም መጠጥ ወዳጅ ስለሆንኩ አይደለም፤ አልኮል ከቀመስኩ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ለምን እንደተውኩትም አልደብቅም።

ለ31 ዓመት የከባድ ጭነት መኪና ሹፌር ነበርኩ። የአሰብ ወደብ በ1990 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት እስኪዘጋብን ድረስ የማውቀው መስመር የአሰብን ነበር፤ ጅቡቲን የለመድኩት ከዚያ በኋላ ነው። በ1988 ዓ.ም. ማዳበሪያ ጭኜ ከአሰብ ስመለስ አዋሽ ላይ አምሽተን ራት በላን። ከራቱ ጋር ቢራ ጠጣሁ፤ በቢራው ላይ ሁለት መለኪያ አረቄ ጨመርኩበት። ሙቀቱ፣ ድካሙ፣ የጓደኛ ግብዣው፣ ሁሉም ሰበብ ነበር። ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ መሪ ጨበጥኩ። መተሐራን አልፈን በበሰቃ ሐይቅ በኩል ስናቀና ዓይኔ ለስንት ሴኮንድ እንደተከደነ ዛሬም አላውቅም፤ ስባንን ኤንትሬ የምንላት የጭነት መኪናዬ ከነተሳቢዋ አስፋልቱን ለቅቃ በጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ትንገጫገጫለች። እኔ ግንባሬ ተፈነከተ። ረዳቴ የቀኝ ጭኑ ተሰበረ። ያን ጊዜ የ19 ዓመት ልጅ ነበር፤ ዛሬ የሦስት ልጆች አባት ሆኖ ዱከም ይኖራል፤ ሲራመድም ያነክሳል። በየዓመቱ በፋሲካ ማግስት ሄጄ እጠይቀዋለሁ፤ ሊቀበለኝ ወደ ደጅ ሲወጣ አረማመዱን ላለማየት ፊቴን ወደ ልጆቹ አዞራለሁ።

አዋሽ ላይ ወንበር ይዤ ስጠጣ ጉዳዩ የእኔ፣ የኪሴና የጉበቴ ነበር፤ መንግሥት ቢመክረኝ እሰማው ይሆናል፣ ብርጭቆዬን ሊነጥቀኝ ግን አይገባውም ነበር። መሪ ከጨበጥኩበት ደቂቃ ጀምሮ ጉዳዩ የረዳቴ ጭን፣ ከፊት ለፊት የሚመጣው አውቶቡስና ከብቱን የሚያሻግረው የከረዩ እረኛ ሆነ። በዚያች ደቂቃ አንድ ፖሊስ አስቁሞ ቁልፌን ቢቀማኝ ኖሮ ነፃነቴን ነካብኝ ብዬ ልከሰው ነው? እስከ ዛሬ ስመርቀው እኖር ነበር። ስለዚህ እኝህ ጸሐፊ ሕግ ይጥበቅ ማለታቸው አላስቀየመኝም። ያስቀየመኝ መሪ የጨበጠውን እጅ ትተው፣ ብርጭቆ የያዘውን፣ ስልክ የያዘውንና ባጃጅ የተሳፈረውን ሁሉ በአንድ ገመድ እንታሰር ማለታቸው ነው።

በመጠጡ በኩል ሕጉ የለም እንዳይባል፣ በ2003 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 208 ጠጥቶ ማሽከርከርን ከልክሎ ገደቡን በአንድ ሊትር ደም 0.8 ግራም፣ በአንድ ሊትር ትንፋሽ ደግሞ 0.4 ሚሊ ግራም አልኮል አድርጎ አስቀምጦት ነበር። ይህን ቁጥር ለሹፌር ወንድሞቼ በሚገባቸው ቋንቋ ልመንዝረው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ባዶ ሆዱን ሦስት ጠርሙስ ቢራ ቶሎ ቶሎ ቢጠጣ እዚያ ገደብ ላይ ወይም አጠገቡ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ሰውነት አልኮሉን የሚያወጣው በራሱ ልክ ነው፤ በሰዓት ከአንድ ሊትር ደም 0.15 ግራም ያህል ብቻ። ስለዚህ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደቡ ላይ የነበረ ሰው ደሙ ንጹሕ የሚሆነው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ጥቁር ቡና ሰውየውን ያነቃዋል እንጂ አልኮሉን አያወጣለትም፤ ሎሚውም፣ በራስ ላይ የሚፈስሰው ቀዝቃዛ ውኃም እንደዚያው ነው። እኛ ሹፌሮች ዘመናችንን ሁሉ በዚህ ስንታለል ኖረናል።

እንዲያውም ያ ገደብ ለእኔ ላላ ብሎብኛል። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1936 ገደብ ስታወጣ 0.5 ብላ ነው የጀመረችው፤ ስዊድን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ 0.2 ላይ አድርሳዋለች። የጭነት መኪና፣ የአውቶቡስና የታክሲ ሹፌር መሪ ላይ ሳለ አንድም ጠብታ በደሙ ሊኖር አይገባም ብዬ አምናለሁ፤ እንዲህ ያለ ሕግ ሲወጣም ነፃነት ተነካ ብሎ የሚጮህ የሙያ ባልደረባዬን ፊት ለፊት እከራከረዋለሁ። እግረ መንገዴን ግን አንድ ነገር ላንሣ፤ የትንፋሽ መመርመሪያው ጫትን አያውቅም። ሁለት ሌሊት በምርቃና ነድቶ በሦስተኛው ቀን መሪ ላይ የሚያንቀላፋ ሹፌር መሣሪያውን ቢነፋበት ንጹሕ ሆኖ ያልፋል። ለእርሱ የሚበጀው የማሽከርከሪያና የዕረፍት ሰዓቱን የሚቆጣጠር ሰው ነው።

ችግሩ ያ መሣሪያ እኛ ዘንድ አለመድረሱ ነው። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የብሉምበርግ ዓለም አቀፍ የመንገድ ደኅንነት ፕሮግራም ካቀፋቸው ከተሞች አንዷ ስትሆን፣ ከዚያ ወዲህ ትራፊክ ፖሊሶች በምሽት መንገድ ላይ እያስቆሙ ትንፋሽ መመርመር ጀምረዋል፤ መሀል ከተማ የሚኖሩ ዘመዶቼም ይህን ፈርተው ሲያመሹ መኪናቸውን ቤት ትተው ይወጣሉ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። እኔ ግን ቱሉ ዲምቱ በኖርኩባቸው ስምንት ዓመታት መመርመሪያውን በሰፈራችን ያየሁት ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ አንዱም የበዓል ዋዜማ ነበር። የአዋጅና የደንብ ቁጥር ሲደረደር ዳርቻውንም የሚያካትት ይመስላል፤ መሣሪያውን የያዘው ሰው ግን ቃሊቲን አልፎ አይመጣም።

በዚህ ላይ የጭነት መኪኖችን ነገር ያላየ ሰው የዳርቻውን ስካር ምንጭ አያውቀውም። ከባድ መኪኖች ቀን ቀን ወደ ከተማው እንዳይገቡ ከተከለከሉ ዓመታት ተቆጥረዋል። ውሳኔው ለመሀል ከተማው መጨናነቅ ጥሩ ነው፤ እኔም ብሆን ጠዋት ልጅ ትምህርት ቤት በሚሄድበት መንገድ ላይ ሲኖትራክ ባላይ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ከጅቡቲ ሁለት ቀን ነድቶ ከረፋዱ 4 ሰዓት ቱሉ ዲምቱ የደረሰ ሹፌር እስኪመሽ የት ይዋል? ጥላ የለም፤ መጸዳጃ የለም፤ የሚተኛበት ቦታ የለም። ጋቢናው ውስጥ እንዳይተኛ ፀሐዩ ያነደዋል። ያለው ጠላ ቤት ነው። ስለዚህ አሥር ሰዓት ያህል ጠላ ቤት ይውልና፣ ሲመሽ መንገዱ ሲከፈትለት 40 ቶን ይዞ ወደ ከተማ ይገባል። ክልከላው የመሀሉን ሰው ከጭንቅ ሲገላግል ጭንቁን ወደ እኛ አሸጋገረው እንጂ አላጠፋውም። ቀኑን የከለከለው ክፍል አብሮ ማቆሚያና ማረፊያ አዘጋጅቶ፣ ማታ መኪኖቹ ሲንቀሳቀሱም በመውጫው ላይ ትንፋሽ መርምሮ ቢያሳልፋቸው ኖሮ እኝህ ጸሐፊ የሚያማርሩበት ነገር ግማሹ ባልነበረ ነበር።

ጠላ ቤት ይዘጋ ለሚሉት አንድ ነገር ላሳያቸው። ከእኛ ግቢ ሦስተኛው በር የሰፈሩ ሰው ሁሉ እትዬ የሚላቸው የሰባ ዓመት ባልቴት ቤት ነው። ጠላ ጠምቀው በዚያው ስድስት ልጆች አሳድገዋል። ቤታቸው ስትገቡ በስተግራ ሁለት ጋን፣ በስተቀኝ አግዳሚ ወንበር፣ ከበሩ ጀርባ ደግሞ በአንድ ጣውላ ላይ የተመቱ አሥራ አንድ ሚስማሮች ታያላችሁ። ሚስማሮቹ የመኪና ቁልፍ መስቀያ ናቸው። አንድ ሹፌር ሁለተኛውን ጣሳ ሲጠይቅ እትዬ መጀመሪያ እጃቸውን ይዘረጋሉ፤ “ልጄ፣ ቁልፍህን ወዲህ በል” ይሉታል። ያልሰጠ አይቀዳለትም። አንድ ቀን ጎልማሳ ሹፌር ተቆጥቶ “እርስዎ ትራፊክ ኖት?” ቢላቸው፣ “እኔማ ትራፊክ ብሆን ተኝቼ ባደርኩ” ብለው መልሰውለት ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ቁልፉን የሚመልሱት ሲነጋ ነው፤ የሚያድርበት የሌለው አግዳሚው ላይ ጋቢ ተደርቦለት ይተኛል። ሥርዓቱን ያወጡት የገዛ ልጃቸውን በመኪና አደጋ ካጡ በኋላ እንደሆነ የነገሩኝ ዘግይተው ነው። ይህን ቤት ከምሽቱ 2 ሰዓት ዝጉት ማለት አሥራ አንዱንም ቁልፍ ከሚስማሩ አውርዶ ለሰከረ ሰው ማስረከብ ነው። የጭነት መኪናው መንገድ የሚከፈተውም በዚያው ሰዓት ገደማ ነው።

ሰዓት መወሰን ያለውን ውጤት ደግሞ በዕድሜ የገፋን ሰዎች አይተነዋል። በደርግ ዘመን በሰዓት እላፊ ስንኖር የሚጠጣው ሰው መጠጡን አልተወም፤ ሰዓቱ ሳይደርስበት በጥድፊያ ጨልጦ ይሮጥ ነበር፣ ወይም በር ተቆልፎበት እስኪነጋ ሲጠጣ ያድር ነበር። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅም በሰፈራችን የፊት በር ተዘግቶ የጓሮ በር ተከፈተ። ወደ ኋላ ከሄድን ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆ የሚያጨሰውን ከንፈሩን፣ ሱረት የሚስበውን አፍንጫውን ያስቆርጡ ነበር ይባላል፤ ሱረት ግን ዛሬም በየገበያው በቁና ይሸጣል።

ክልከላ ለምን እንደሚወደድ ግን አውቃለሁ። ክልከላ ርካሽ ነው። አንድ ደብዳቤ፣ አንድ ፊርማና አንድ ማኅተም ይበቃዋል፤ ሂሳቡን የሚከፍለው የተከለከለው ሰው ነው። ቁጥጥር ግን ውድ ነው፤ መሣሪያ፣ ነዳጅ፣ የሌሊት አበል፣ መብራት ያለው ማቆሚያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ “የሻይ” ሲዘረጋለት እጁን ኪሱ ውስጥ የሚያቆይ ሰው ይፈልጋል። ሁለቱም በሪፖርት ላይ “እርምጃ ተወስዷል” ተብለው ስለሚጻፉ ከላይ ሆኖ ለሚያነበው ልዩነት የላቸውም።

የሞተር ብስክሌቱን ጉዳይ ለምሳሌ ልጥቀስ። በ2011 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ የከተማው አስተዳደር ሞተር ብስክሌት በአዲስ አበባ እንዳይንቀሳቀስ ሲያግድ ምክንያቱ በሞተር የሚፈጸም ዝርፊያ መብዛቱ ነበር፤ ፈቃድ ያላቸውና ጂፒኤስ የገጠሙ ለሥራ እንዲንቀሳቀሱ ቀዳዳ ተትቶላቸዋል። ዝርፊያው እውነት ነበር፤ ስልኳን ተነጥቃ ስታለቅስ ያየኋት የእህቴ ልጅ ምስክሬ ናት። ያም ሆኖ በጎረቤቴ ወንድ ልጅ ላይ የደረሰውን አየሁ፤ ከጎተራ የመኪና መለዋወጫ እያመጣ ለዳርቻው ጋራዦች የሚያደርስ ልጅ ነበር፤ የሚጠየቀውን አሟልቶ እስኪመለስ ሰባት ወር ያለ ሥራ ተቀመጠ፤ ሞተሩንም በመጨረሻ ሸጠው። እርሱ ማንንም አልዘረፈም። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪዎች ለጊዜው ሲታገዱ፣ ባለቤቴ የስኳር ሕመምተኛ ስለሆነች ከአስፋልቱ እስከ ቤታችን ያለውን መንገድ ሦስት ጊዜ እየተቀመጠች በአርባ ደቂቃ ትጨርሰው ነበር። መሀል ከተማ ላለ ሰው ባጃጅ መንገድ የሚያጣብብ ነገር ይሆን ይሆናል። እኛ ዘንድ ሐኪም ቤት መድረሻ ነው። ያለ መንጃ ፈቃድ የሚነዳውን፣ አምስት ሰው የሚጭነውን፣ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚመጣውን መያዝ ከባድ ስለሆነ ሁሉንም ማስቆም ቀለለ።

ስለ ቴክኖሎጂ ደግሞ ካነሡ አይቀር፣ በሰፈራችን ባለፈው ክረምት የደረሰውን ልንገራቸው። ከመንገዱ ዳር ጉልት ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት አለች። አንዲት ነጭ አውቶሞቢል በጠራራ ፀሐይ ቀጥ ብላ መጥታ ጉልቱን ደርምሳ፣ ሽንኩርቱን ድጣ ከመብራት ምሰሶው ጋር ተላተመች። ሴትየዋ የተረፈችው ዝርዝር ልታመጣ ተነሥታ ስለነበር ነው። ሮጠን ስንደርስ ሹፌሩ ምንም አልሆነም፤ የመጠጥ ሽታም የለውም፤ አጠገቡ ያለው የውኃ ጠርሙስ ነው። ስልኩ ከፍሬኑ ፔዳል ሥር ወድቆ ሰው የሚስቅበት ቪዲዮ አሁንም እየጮኸ ነበር። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በየሴኮንዱ ከ16 ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ለሦስት ሴኮንድ ዓይኑን ወደ ስልኩ ከመለሰ ሃምሳ ሜትር ታውሮ ነድቷል ማለት ነው። ይህ ሰው ለእኔ መተሐራ ላይ ከነበረው ከራሴ የሚለይበት ነገር የለም። እያሽከረከሩ በእጅ ስልክ መያዝ ደግሞ የተከለከለ ነው፤ ይህን ተላልፎ ሲቀጣ ያየሁት ሰው ግን የለም። ያም ሆኖ ከዚያ ቀን በኋላ ስልክ ይከልከል ያለ ሰው አልሰማሁም። የስልክ ጥፋት ሲሆን ጥፋተኛው ሹፌሩ፣ የጠላ ሲሆን ጥፋተኛው ጠላው የሚሆነው ለምን እንደሆነ እኝህ ጸሐፊ ቢያብራሩልኝ ደስ ይለኛል።

ማኅበራዊ ሚዲያ ይዘጋ ያሉት ላይ ለመድረስ የዘገየሁት ነገሩ ስለሚያንገበግበኝ ነው። በ2008 ዓ.ም. ግንቦት የ12ኛ ክፍል ፈተና አስቀድሞ በማኅበራዊ ሚዲያ ወጣ፤ በቀጣዩ ዓመት በፈተናው ሰሞን ኢንተርኔት ለመላው አገር ተዘጋ። ፈተናውን ከቁልፍ ሣጥን ያወጣውን አንድ እጅ ከመፈለግ አንድ አገር መዝጋት ቀለለ። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ለአምስት ወር ያህል ታገዱ፤ ልጆቻችን ግን በሳምንቱ ቪፒኤን የሚሉትን ጭነው እንደ ወትሮው ሲጠቀሙ፣ የቀረነው እኛ አዛውንቶቹ ነን። የማልረሳው ግን የ2012 ዓ.ም. ሰኔን ነው። የዚያን ሰሞን ሰው ሞቷል፣ ቤት ተቃጥሏል፤ በስልክ የሚሰራጨው የጥላቻ ንግግርም እሳቱ ላይ ቤንዚን እንደጨመረ አልክድም። ነገር ግን ኢንተርኔቱ ለሦስት ሳምንት ያህል በተዘጋበት በዚያ ጊዜ ልጄ ቤይሩት ነበረች፤ የሊባኖስ ኢኮኖሚ ወድቆ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያት ሠራተኞቻቸውን በቆንስላው ደጃፍ እየጣሉ ይሄዱ የነበረበት ወቅት ነው። ከሥራዋ መውጣቷን የነገረችኝ ኢንተርኔቱ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ነበር። ከዚያ በኋላ የት እንዳለች ሳላውቅ ሃያ ቀን አለፈ። እናቷ በየማታው ስልኩን ከጠረጴዛው አንሥታ አንድ ጊዜ አይታ ትመልሰው ነበር። ሰው የገደለውን፣ ግደሉ ያለውን ለመያዝ ይህን ማድረግ ለምን እንዳስፈለገ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185 የሚያከራክሩ አንቀጾች ቢኖሩበትም፣ ቢያንስ ተጠያቂ የሚያደርገው የተናገረውን ሰው ነው።

ቁጥጥሩ በመሣሪያ ሲሆን ደግሞ ልኩን ማወቅ ያስፈልጋል። በጭነት መኪና ላይ ጂፒኤስና የፍጥነት መገደቢያ መገጠሙን የምደግፈው መኪናው የሚሄድበት መንገድ የሁላችን ስለሆነ ነው። ያ ጂፒኤስ የሰበሰበው መረጃ ሹፌሩ ሲያርፍ ማን ቤት እንዳደረ ለሚጠይቅ ሰው ሲሰጥ ግን አልደግፍም፤ እንዲህ ያለውንም በሥራ ዘመኔ አይቻለሁ፤ የድርጅቱን ስም መጥራት አያስፈልግም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የማንኛውም ሰው ቤት፣ ደብዳቤና በስልክም ሆነ በኤሌክትሮኒክስ የሚያደርገው ግንኙነት እንደማይደፈር ይደነግጋል፤ ይህ መብት የሚገደበውም አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠርና በዝርዝር ሕግ ብቻ እንደሆነ አክሎ ያስቀምጣል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም ስላለ፣ የሹፌሮች ማኅበራት ይህን አንብበው ለአባሎቻቸው ቢያስረዱ መልካም ነው።

በሻጩና በአምራቹ ላይ የሚወጣ ገደብ ሌላ ነገር ስለሆነ ከላይ ካልኩት ጋር እንዳይምታታ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፤ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው አልኮል እንዳይሸጥም ከልክሏል። እሰየው ብያለሁ። ነገር ግን በእኛ መንደር የአሥር ዓመት ልጅ ባዶ ጠርሙስ በፌስታል አንጠልጥሎ “አባዬ አራት ስጪኝ ብሏል” ሲል ግሮሰሪው ያለ ምንም ጥያቄ ቆጥሮ ይሰጠዋል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ዝጉ ከማለት በፊት ለዚህ ልጅ አትሽጡ ማለት ይቀድማል፤ ለዚህም አዲስ አዋጅ አያስፈልግም።

ከሚመለከተው ክፍል የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ቅዳሜና እሑድ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ጀምሮ የትንፋሽ መመርመሪያ የያዙ ሁለት ሰዎች አደባባዩ ላይ ይቁሙልን። ቀን ቆመው ለሚውሉት መኪኖች አጥር፣ ጥላ፣ ውኃና መጸዳጃ ያለው ማቆሚያ ይሠራላቸው፤ በክፍያ ቢሆንም ሹፌሮቹ እንደሚከፍሉ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። እትዬ ደግሞ ዐሥራ ሁለተኛ ሚስማር የሚመቱበት ቦታ ጣውላው ላይ ስለጠፋ፣ እርሱን እኔ እችለዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ስለ እርሱ የጻፍኩት ስላለ ዱከም ወርጄ ለቀድሞ ረዳቴ አነበብኩለት። ዝም ብሎ አዳመጠኝና አንድ ነገር ጎድሏል አለኝ፤ “ያን ማታ እኔም አብሬህ ጠጥቼ ነበር፤ ይህንንም ጻፈው ጋሼ፤ አንተ ብቻህን ጥፋተኛ አትሁን።” እውነቱን ነው፤ ጠጥቷል፤ በጥያቄው መሠረት እነሆ ጽፌዋለሁ። መሪው ግን በእኔ እጅ ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ ሹፌር
ከቱሉ ዲምቱ